ስለ እባብ ንክሻና ወደ ሐኪም እስኪደርሱ ድረስ ስለሚደረግ ርዳታ

አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ዕውቀት ለሚቀጥለው ሰው እንጂ ለተጎዳው አይጠቅምም። ስለዚህ አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ቃል ከሁሉ ይልቅ ሕይወትን ለመጠበቅ የሚሠራ ነው። ሐኪም ቤትና መድኃኒት፥ የሕሙማን መኪናም መኖራቸው ትልቅ በጎ ነገር ነው፤ ነገር ግን የተጎዳው ሰው ከሐኪሙ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ሕይወቱ ያለችው በአጠገቡ በተገኙት ሰዎች እጅ ነው። ይህም በቆላ አገር በእባብ ንክሻ ላይ ተለይቶ ይታያል።

የአገሩ ጠባይ

ከመተማ እስከ ቋራ በሱዳን ጠረፍ የተዘረጋው ምድር ለሰሊጥ፥ ለማሽላና ለጥጥ የተመቸ ነው። ገለጉ የቋራ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ በወረዳውም የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ዱር ይገኛል። ጥቁሩ የዋልካ አፈር በክረምት ጭቃ ሆኖ መንገድ ይከለክላል፤ በበጋም ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ለአይጥና ለእባብ መሸሸጊያ ይሆናል። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ብዙ ሠራተኞች ከደጋ ይወርዳሉ፤ ቀን ጎንበስ ብለው በእጃቸው ያርማሉ፥ ያጭዳሉ፤ ሌሊት በእርሻው ዳር መሬት ላይ ይተኛሉ። የአገሩን ጠባይ ስለማያውቁም አደጋው ይጸናባቸዋል። በምዕራብ አርማጭሆ በአብዱራፊ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር ካላዛርንና የእባብ ንክሻን ሲያክም ከረዳቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንደነዚህ ያሉ ሠራተኞች ነበሩ።

መርዙ የሚሠራው ሥራ

እባብ ሁሉ መርዝ የለውም፤ መርዝ ያለውም ቢሆን በነከሰ ቍጥር መርዙን አያፈስም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ በመላው ዓለም 5.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በእባብ ይነከሳሉ፤ መርዝ የሚገባባቸው ከ1.8 እስከ 2.7 ሚሊዮን የሚደርሱት ናቸው፤ የሚሞቱትም ከ81,000 እስከ 138,000 ይሆናሉ።

ከዚህ ቍጥር አንድ ትልቅ ነገር ይገኛል። ከተነከሱት ሰዎች እኩሌታው ወይም ከዚያ የሚበልጠው መርዝ ያልገባበት ስለ ሆነ፥ ሥር ቢታሰርለት፥ ቅጠል ቢቀባ፥ ምንም ባይደረግለትም ይድናል። ያየው ሰው ግን ቅጠሉ አዳነው ብሎ ያወራል። በኋላ በእውነት መርዝ የገባበት ሕፃን በመጣ ጊዜ ያው ቅጠል አያድነውም፤ ለሐኪም የሚሆነውም ሰዓት በከንቱ ያልፋል። ይህን ማወቅ የአገሩን መድኃኒተኛ ማዋረድ አይደለም፤ መርዝ የገባበትንና ያልገባበትን በመጀመሪያው ሰዓት ለይቶ ማወቅ ለማንም አስቸጋሪ መሆኑን መረዳት ነው።

የእፉኝት መርዝ ሥጋን ያሳብጣል፥ ይገድላል፤ ደምም እንዳይረጋ አድርጎ ከድድና ከቍስል ያፈስሳል። አንገቱን የሚዘረጋው ኮብራ የተባለው እባብ መርዝ ግን ብዙ ጊዜ የዓይንን ቆብ ያከብዳል፥ ምላስን ያስራል፥ በመጨረሻም ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። በ1894 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፈረንሳዊው ሐኪም አልቤር ካልሜት እንስሳ ጥቂት በጥቂት መርዝ ቢለማመድ ደሙ መርዝን የሚያሸንፍ ኃይል እንደሚያገኝ አስታወቀ። ዛሬም የእባብ መርዝ ማርከሻ በዚሁ ብልሃት አብዛኛውን ጊዜ ከፈረስ ደም ይሠራል። አንዳንዱን ሰው በድንገት ሊያሳምመው ስለሚችል ሐኪም በሌለበት አይሰጥም። ሐኪሙም ጥቂት ደም ወስዶ በንጹሕ የብርጭቆ ቱቦ 20 ደቂቃ ያቆየዋል፤ ደሙ ካልረጋ መርዙ በሰውነት ውስጥ መሥራቱን ያውቃል። ይህ ሁሉ በመንደር ሊደረግ አይቻልም።

በመንደር የሚደረግና የማይደረግ

አንደኛ፤ የተነከሰውን ሰው ከእባቡ አርቆ ማስቀመጥና ማጽናናት ነው። እባቡን ለመግደል መከተል ሁለተኛ ሰው ማስነከስ ነው።

ሁለተኛ፤ እጅ ወይም እግር ሳያብጥ ቀለበቱን፥ አምባሩን፥ ጫማውን ማውለቅ ይገባል።

ሦስተኛ፤ የተነከሰውን እግር ወይም እጅ አጥንቱ እንደ ተሰበረ አድርጎ በእንጨት ደግፎ ሳያጠብቁ በጨርቅ ማሰር ነው። ሰውነት ሲንቀሳቀስ መርዙ ቶሎ ይሠራጫልና፥ የተነከሰው ሰው በእግሩ አይሂድ፤ በቃሬዛ ይወሰድ። ካስመለሰው ወይም ከደከመ በጎኑ ያስተኙት፤ ትንፋሹንም ይጠባበቁ።

አራተኛ፤ ቍስሉን በምላጭ መብጣት፥ በአፍ መምጠጥ፥ በእሳት መተኰስና በገመድ አጥብቆ ማሰር ፈጽሞ አይገባም። ገመዱ ደምን ስለሚከለክል በመርዙ የተጎዳው ሥጋ ይሞታል፤ በመርዙ ያልሞተውም ልጅ እግሩን ሊያጣ ይችላል።

አምስተኛ፤ እባብ በዓይን ላይ መርዝ የተፋ እንደ ሆነ ዓይኑን በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ፥ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

የትምህርት ቤት ሥራ

በእንግሊዝ አገር በ1877 የተቋቋመው የቅዱስ ዮሐንስ አምቡላንስ ማኅበር በማዕድን ጉድጓድና በባቡር ሐዲድ ለሚሠሩ ሰዎች የመጀመሪያ ርዳታን ያስተምር ነበር፤ ሐኪም እስኪመጣ ድረስ ባልንጀራን የሚረዳው ባልንጀራ መሆኑን ስላወቀ ነው። በኢትዮጵያም በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የቀይ መስቀል ማኅበር ከአምቡላንስ ሥራው ጋራ ይህንኑ ትምህርት ይሰጣል። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚያስተምሩት አንዱ ክፍል የመጀመሪያ ርዳታ ነው።

ስለዚህ መምህሩ አረም ሳይጀመር በፊት የጤና ሠራተኛውንና የአምቡላንሱን ሰዎች ወደ ትምህርት ቤቱ ቢጠራ መልካም ነው። መኪናውን በሩቅ አይቶ የሚፈራ ሕፃን ገብቶ ቢያየው ፍርሃቱ ይጠፋል። ተማሪዎቹ በንግግር ብቻ አይማሩም፤ አንዱ እንደ ተነከሰ ሆኖ ይቀመጥ፥ ሁለቱ እግሩን በእንጨትና በነጠላ ይሰሩ፥ አራቱ ከሁለት አጣናና ከብርድ ልብስ ቃሬዛ ሠርተው ይሸከሙ። አንዱም መልእክተኛ ሆኖ ማን እንደ ተነከሰ፥ የት እንዳለ፥ በስንት ሰዓት እንደ ተነከሰ፥ ትንፋሹ እንዴት እንደ ሆነ አጥርቶ መናገር ይልመድ። የጉሙዝ ልጆች ባሉበት ትምህርቱ በጉሙዝኛም ቢነገር ወደ ቤታቸው በሙሉ ይደርሳል።

ልጆች ከዚህ ጋራ የመከላከያውን ነገር ይማሩ፤ ሌሊት ያለ መብራትና ያለ ጫማ አለመሄድን፥ እጅን በጉድጓድ ወይም በሰሊጥ ነዶ ሥር ሳያዩ አለማስገባትን፥ በአልጋ ላይ ተኝቶ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ማስገባትን። በቤትና በትምህርት ቤት ዙሪያ ያለው ሣር ይታጨድ፤ እህልም በሚገባ ይከደን፤ እህል አይጥን፥ አይጥም እባብን ይጠራልና።

የሽማግሌዎች ድርሻ

ሕፃን በተነከሰ ጊዜ ወዴት ይወሰድ የሚለውን ነገር የሚቈርጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ተማሪው የተማረውን ቢናገር፥ ታላቅ ሰው ካልደገፈው ቃሉ አይሰማለትም። ማርከሻውም በየጤና ጣቢያው ሁልጊዜ አይገኝም፤ ስለዚህ የት እንዳለ ከአደጋው በፊት ጠይቆ መረዳት፥ የጤና ጣቢያውንና የአምቡላንሱን ስልክ ቍጥር በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ማስጻፍ፥ በክረምት መኪና ከማይገባበት መንደር ቃሬዛውን ተሸክመው እስከ መንገዱ የሚያደርሱትን ጐልማሶች አስቀድሞ መመደብ የሽማግሌዎች ሥራ ነው። ከደጋ የወረደው ሠራተኛም ዘመድ የሌለው እንግዳ ስለ ሆነ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ይቈጠር። በእርሻ መካከል በሌሊት ቢነከስ የሚጮኽለት ሰው ከሌለ፥ መኪናውም ማርከሻውም ቢኖሩ አይጠቅሙትም።