ሕፃኑ ንጉሥ በምን ሞተ? መጽሐፍ ምን ይላል፣ አጥንትስ?

የአዘዞ ልጅ ነኝ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በትምህርት ቤት ጉዞ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ወሰዱን። ቁስቋም ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብር ነው። እዚያ በመስታወት ከተሸፈነ ሣጥን ውስጥ የሰው አጥንት አየን። «የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የዐፄ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የዐፄ ኢዮአስ አፅም ነው» ተባልን። አጠገቤ የቆመ የክፍል ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ኢያሱን እኮ በመርዝ ነው የገደሏቸው» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

«መጽሐፍ ላይ አለ።»

ክርክሩ እዚያው አለቀ። መጽሐፍ ላይ ካለ ምን ይባላል? አሁን የምህንድስና ድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ ሥራዬም ከሕክምና ምስሎች ስሌት ጋር የተያያዘ ነው። ታዲያ ያ የልጅነት ጥያቄ እስካሁን አለቀቀኝም። ከብዙ ዘመን በፊት የሞተ ንጉሥ በምን እንደሞተ የጻፈው ሰው እንዴት ሊያውቅ ይችላል? እኛስ ልክ መሆኑን በምን እናረጋግጣለን?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ግብፅ ደርሰን እንመለስ። ምክንያቱም በልጅነቱ ስለነገሠ አንድ ፈርዖን ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ስለ አሟሟቱ በጣም ተሳስተዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጽሐፍ ያልተጻፈለት ፈርዖን

ቱታንካሙን የነገሠው ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ነው። የሞተው ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1320ዎቹ ገደማ፣ ዕድሜው 19 አካባቢ ሳለ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ነገሥታት ስሙ እንዲጠራ አልፈለጉም። አቢዶስ በሚባለው ቦታ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ቀዳማዊ ሴቲ የቀደሙትን ፈርዖኖች ስም በተራ አስቀርጿል፤ የቱታንካሙን ስም ግን እዚያ ውስጥ የለም።

ይህ መረሳት ሳይጠቅመው አልቀረም። የመቃብሩ በር ከኋለኛ ዘመን ግንባታ በተረፈ ፍርስራሽ ተሸፈነ፤ ላዩ ላይም የሠራተኞች ጎጆ ተሠራበት። ስለዚህ ሃዋርድ ካርተር የተባለው እንግሊዛዊ ቆፋሪ በኅዳር 1922 ሲደርስበት፣ መቃብሩ ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ዕቃዎችን እንደያዘ ነበር። ወርቅ፣ ሠረገላ፣ አልጋ፣ ከመቶ የሚበልጡ ምርኩዞች፣ የንጉሡም አስከሬን ተገኙ።

ልብ በሉ፤ ስለዚህ ልጅ ሕይወትና አሟሟት በዘመኑ የተጻፈ ትረካ አልተገኘም። ዛሬ የመጻሕፍት መደብሮችን የሞሉት መጻሕፍት በሙሉ የተጻፉት ከ3200 ዓመታት በኋላ፣ ከዕቃና ከአጥንት ተነሥቶ ነው።

ከአንድ ራጅ የተወለደ ነፍሰ ገዳይ

በ1968 የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተንቀሳቃሽ የራጅ መሣሪያ ይዞ መቃብሩ ውስጥ ገባና አስከሬኑን አነሣ። የራስ ቅሉ ምስል ላይ ትንሽ የአጥንት ስባሪ ታየ። «ማጅራቱን ተመትቶ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ጥያቄ መጠየቅ ጥፋት የለውም። ችግሩ ጥያቄው ቀስ በቀስ ታሪክ መሆኑ ነው። ሕፃን ንጉሥ፣ ሥልጣን የፈለገ ሽማግሌ አማካሪ፣ በሌሊት ከኋላ የተሰነዘረ ምት! እንዲህ ያለ ታሪክ ማን ይጠላል? በ1998 ቦብ ብራየር የተባለ የግብፅ ጥናት ምሁር ርእሱ ጭምር ስለ ቱታንካሙን ግድያ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም በሰፊው ተነበበ። ከመጽሐፉ ዋና ዋና ማስረጃዎች አንዱ ያ ራጅ ነበር።

ጥላ እና ጀበና

ራጅ ምንድን ነው? በአጭሩ ጥላ ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ አብሩና ጀበና ፊቱ አስቀምጡ። ከጎን ሲበራበት ግድግዳው ላይ ሆዱም፣ አንገቱም፣ እጀታውም ይታያል። ጀበናውን ስታዞሩት ግን እጀታው ከሆዱ ጥላ ጋር ይዋሐድና ይጠፋል። ጥላውን ብቻ ያየ ሰው፣ «ይህ ጀበና እጀታ የለውም» ብሎ ቢምል አልዋሸም፤ የተሳሳተው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስላየ ነው። ራጅም እንደዚሁ የፊቱንና የኋላውን አጥንት አንድ ላይ ደርቦ ያሳያል። ስባሪው የራስ ቅሉ ውስጥ የት እንዳለ፣ የተጣበቀ ይሁን የላላ፣ በደንብ አይለይም።

ሲቲ ስካን ደግሞ በዙሪያው እየዞረ ከብዙ አቅጣጫ ጥላ ይወስድና፣ «ይህን ሁሉ ጥላ ሊጥል የሚችለው ውስጡ ምን ዓይነት ቢሆን ነው?» ብሎ ያሰላል። ስሌቱን እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ወረቀት ላይ አራት ሳጥኖች ሥሩ፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቁጥር ተደብቋል። የማውቀው ድምራቸውን ብቻ ነው፦ የላይኞቹ ሁለቱ 5፣ የታችኞቹ 9፤ በግራ ያሉት 6፣ በቀኝ ያሉት 8።

ቁጥሮቹን አገኛችኋቸው? ከላይ 1 እና 4፣ ከታች 5 እና 4 ቢሆን ይሠራል። ከላይ 2 እና 3፣ ከታች 4 እና 5 ቢሆንም ይሠራል! ከሁለት አቅጣጫ እያየንም መልሱ አንድ አልሆነም። አሁን ሦስተኛ አቅጣጫ ልጨምርላችሁ፦ ከላይ በግራ ያለውና ከታች በቀኝ ያለው ሲደመሩ 7 ናቸው። አበቃ፤ መልሱ ሁለተኛው ብቻ ሆነ። ሲቲ ስካን ይህንኑ የሚያደርገው በአራት ሳጥን ፈንታ በብዙ መቶ ሺህ ሳጥኖች ላይ ነው።

በጥር 2005 የቱታንካሙን አስከሬን ከመቃብሩ ወጥቶ በሲቲ ስካን ታየ፤ ወደ 1700 የሚጠጉ ምስሎች ተነሡ። የራስ ቅሉ ላይ የምት ምልክት አልተገኘም። ስባሪዎቹም የላሉ ነበሩ። ይህ ለምን አስፈለገ? አስከሬኑን ያደረቁት ሰዎች የራስ ቅሉ ውስጥ ሙጫ አፍስሰው ነበር። አጥንቱ በሕይወት ሳለ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ስባሪው ሙጫው ውስጥ ተጣብቆ ይቀር ነበር። ስለዚህ የተሰበረው ከሞተ በኋላ ነው። ነፍሰ ገዳዩ የተወለደው ከጥላ ነበር ማለት ነው።

በምትኩ ሌላ ነገር ታየ፦ የግራ ጭን አጥንቱ ተሰብሯል። አንዳንዶቹ መርማሪዎች ልክ ከመሞቱ በፊት የተሰበረ ነው አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የካርተር ሰዎች አስከሬኑን ከሣጥኑ ሲያላቅቁ ሰብረውት ይሆናል አሉ። በ2010 የታተመ የዲኤንኤ ጥናት የወባ ተሕዋስ ምልክት አገኘ፤ ወላጆቹም ወንድምና እኅት እንደነበሩ አመለከተ። በዚህም ላይ ሁሉም ሊቃውንት አልተስማሙም፤ እንዲህ ያለ ያረጀ ዲኤንኤ በቀላሉ ከሌላ ሰው ዲኤንኤ ጋር ይቀላቀላልና።

መጽሐፍ ያላቸው ንጉሥ

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። ዐፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ፣ በእናታቸው አገር ስም ቋረኛ ኢያሱ የሚባሉት፣ ሰባት ዓመት ገደማ ነበሩ። እናታቸው ምንትዋብም አብረው ዘውድ ጫኑ። ሕፃኑ ንጉሥ ገና ሳይጎረምሱ ዐማፅያን ቤተ መንግሥቱን ከበቡ፤ ነፃ ያወጣቸውም ከጎጃም የደረሰ ጦር ነው። በ1744 ሠራዊታቸው በስናር ሰዎች ተሸነፈ። በሰኔ 1755 በ31 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን ሁሉ የምናውቀው መጽሐፍ ስላላቸው ነው። የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች የንጉሡን ዜና መዋዕል በግዕዝ ጽፈዋል። ኢኛሲዮ ጊዲ የተባለ ጣሊያናዊ ምሁር ከ1910 እስከ 1912 ባሉት ዓመታት የግዕዙን ጽሑፍና ትርጉሙን አሳትሞታል። እንግዲህ ነገሩ ከቱታንካሙን ጋር የተገላቢጦሽ ነው። ያኛው መጽሐፍ ሳይኖረው አጥንቱ ሲመረመር ኖረ፤ የእኛው ንጉሥ ግን የሚታወቁት በመጽሐፋቸው ነው።

ነገር ግን ዜና መዋዕልም ጥላ ነው፤ ከአንድ አቅጣጫ የተነሣ። ጸሐፊው የሚበላው የንጉሡን እንጀራ ነው። ሁለተኛ አቅጣጫ አለን፦ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ቁስቋም ከምንትዋብ ዘንድ ተቀምጧል፤ መጽሐፉንም በ1790 አሳትሟል። እሱ ግን የመጣው ንጉሡ ከሞቱ 15 ዓመት በኋላ ነው፤ የሰማውም ከዚያው ቤት ሰዎች ነው። ሦስተኛውን አቅጣጫ ከጠላት ወገን እናገኛለን፦ የስናር ሰዎች የጻፉት የፉንጅ ታሪክም የ1744ቱን ጦርነት ይተርካል። ተፋላሚ የነበሩ ሁለት አገሮች አንድን ጦርነት ለየብቻቸው ሲጽፉት፣ ጦርነቱ መደረጉን መጠራጠር ይከብዳል።

የመርዙ ነገርስ? ወሬው ከቤተ መንግሥት ሽኩቻ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ደርሷል። ወሬ ግን ስንት ሰው ቢደግመው ያው አንድ አቅጣጫ ነው።

አጥንቱን ምን ብለን እንጠይቀው?

ምኞት ብቻ ነው፤ ግን አንድ ቀን የደብሩ አባቶች ፈቅደው፣ አፅሙ ሳይቆረጥና ሳይፋቅ ሲቲ ስካን ቢነሣ ምን ልናውቅ እንችላለን? እኔ ከመርዙ በፊት የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ አፅሙ በእርግጥ የእነሱ ነው? ቁስቋም በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲወሩ ተቃጥሏል። ስለዚህ ጥያቄው ድፍረት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

ብዙዎቻችሁ «በካርቦን 14 ይለካ!» ትሉ ይሆናል። የሚገርመው፣ ካርቦን 14 ለቱታንካሙን ዘመን የሚሠራውን ያህል ለኢያሱ ዘመን አይሠራም። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 መጠን ከዘመን ዘመን ከፍና ዝቅ ይላል፤ በፀሐይ ጠባይ ለውጥ፣ በኋላም በፋብሪካ ጭስ የተነሣ። በዚህ ምክንያት ከ1600ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ የሞቱ ሰዎች ልኬታቸው ተመሳስሎ ይወጣል። በ1755 የሞተውንና በ1888 የሞተውን መለየት ያስቸግራል። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ፈርዖን በዚህ በኩል ከጎረቤታችን ይቀላል!

ደግነቱ አጥንት ሌላ ሰዓት አለው። ልጅ ሳላችሁ ረጃጅም አጥንቶቻችሁ ጫፍ ላይ ለስላሳ የማደጊያ ክፍል አለ። ዕድገት ሲያበቃ ጫፉ ከግንዱ ጋር ይገጥማል። ሁሉም አጥንት በአንድ ጊዜ አይገጥምም፤ መጨረሻ ላይ ከሚገጥሙት አንዱ ከአንገታችሁ ግርጌ ወደ ትከሻ የሚዘረጋው ቀጭን አጥንት ነው። በደረት በኩል ያለው ጫፉ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው በሃያዎቹ ዕድሜ ማብቂያ አካባቢ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። መጽሐፉ ልክ ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ ሦስት ሰው መኖር አለበት። በ1773 በእርጅና የሞቱ አንዲት ሴት፤ በ31 ዓመታቸው የሞቱ፣ ይህ አጥንታቸው የገጠመ አንድ ወንድ፤ በሕፃንነቱ በ1755 ነግሦ በ1769 የተገደለው ኢዮአስ ደግሞ ያ አጥንቱ ገና ያልገጠመ ወጣት። ከእነዚህ አንዱ ካልተገኘ ወይም አራተኛ ሰው ከተገኘ፣ አንድ የተሳሳትነው ነገር አለ ማለት ነው።

መርዙን ግን ላናገኘው እንችላለን። አርሴኒክ የመሰለ መርዝ በፀጉርና በአጥንት ይቀራል፤ ሆኖም ከአፈርም ሊገባ ስለሚችል ማምታታቱ አይቀርም። ከዕፅ የተቀመመ መርዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥጋ ሲፈርስ አብሮ ይጠፋል። ምልክት አለመገኘቱ «አልተመረዙም» ማለት አይደለም፤ «ተመርዘዋል» ለማለትም አያበቃም። ዛሬ ያ የክፍል ጓደኛዬ «መጽሐፍ ላይ አለ» ቢለኝ፣ «ጥሩ፤ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን በየት በኩል ቆሞ ነው ያየው?» እለዋለሁ።

አሁን እጃችሁን አንሡና ያን ከአንገታችሁ ግርጌ ያለውን አጥንት ዳስሱት። ይህን የምታነብቡት የአሥራ አምስት ወይም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ከሆናችሁ ገና አልገጠመም። እኔ ሃያዎቹን እየጨረስኩ ነው፤ የእኔ እየዘጋ ነው።