ተጨማሪ መረጃ፦ በቴሌቪዥን እንዲያገለግል የተሾመው ፓስተር

አሜሪካዊው ፍሬድ ሮጀርስ (እ.ኤ.አ. 1928–2003) በፔንሲልቬንያ ግዛት በላትሮብ ከተማ ተወለደ። ሙዚቃ ካጠና በኋላ በቴሌቪዥን ጣቢያ እየሠራ፣ በምሳ ሰዓቱ ነገረ መለኮት ይማር ነበር። በ1963 የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በአገልጋይነት ስትሾመው አጥቢያ አልሰጠችውም፤ ልጆችንና ቤተሰቦችን በቴሌቪዥን እንዲያገለግል ላከችው።

«ሚስተር ሮጀርስ ኔበርሁድ» የተሰኘው ዝግጅቱ ከ1968 እስከ 2001 በመላ አገሪቱ ታይቷል። በዝግጅቱ ስብከት አይሰማም፤ ሮጀርስ ግን ስለ ቁጣ፣ ስለ ወላጆች ፍቺና ስለ ሞት እንኳ ሕፃናትን በለሰለሰ አንደበት ያነጋግር ነበር።

በ1969 ለሕዝብ ብሮድካስት የታቀደው 20 ሚሊዮን ዶላር የመቀነስ አደጋ ሲያንዣብብበት፣ የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለጥቂት ደቂቃዎች ተናገረ። ኮስታራ የነበሩት ሰብሳቢ ጆን ፓስቶሬ ልባቸው ተነካ፤ ገንዘቡን እንዳገኘም እዚያው ነገሩት።

የመጪውን ዘመን ቴክኖሎጂም አልፈራም። የፊልም ኩባንያዎች የቪዲዮ መቅረጫ አምራቹን ሶኒን ሲከሱ፣ ቤተሰቦች ዝግጅቱን ቀድተው በሚመቻቸው ሰዓት ቢያዩት እንደማይቃወም መሰከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1984 ለሶኒ ሲፈርድ ይህን ምስክርነት ጠቅሷል።

ተወያዩ፦ ተመልካች የሚያይበትን ሰዓት ራሱ መምረጡ ለቤተሰብ ምን ጥቅምና ጉዳት አለው?