«ላይክ» ምስክር ይሆናልን?

አሊዩ አምባ፦ አሊዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ገበያ ነበረች። የደጋውና የቆላው ሰው በሚገናኝበት በዚህ የይፋት ምድር ወሬም እንደ ሸቀጥ ሲመዘን ኖሯል። በጎረቤቶቻችን በአፋሮች ዘንድ መንገደኞች ሲገናኙ «ዳጉ» ይለዋወጣሉ። ሰሚው ወሬውን እንዲሁ አይቀበልም፤ ተናጋሪው በዓይኑ አይቶ እንደሆነ ወይም ከማን እንደሰማ ጠይቆ ያጣራል። ወሬ የሚያዛባ ሰውም አመኔታ ያጣል።

ዛሬ ብዙው የፖለቲካ ወሬ የሚደርሰን በእጅ ስልካችን ነው። በፌስቡክና በቴሌግራም የምስክሩን ቦታ የያዘው ቁጥር ነው፤ ስንት ላይክ፣ ስንት ሼር፣ ስንት ተከታይ። ቁጥሩ የሚነግረን ግን ስንት ሰው እንደተጫነው እንጂ ስንት ሰው እንዳጣራው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመ ጥናት ይህን በሙከራ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ከ100 ሺህ በላይ የአንባቢ አስተያየቶችን ወስደው፣ በዕጣ ለተመረጡት ገና ሲወጡ አንድ የድጋፍ ድምፅ ጨመሩላቸው። በዚያች አንዲት ድምፅ ብቻ የአስተያየቶቹ የመጨረሻ ውጤት በአማካይ 25 በመቶ ከፍ አለ። ሰው የቀደመውን ተከትሎ ይመርጣል ማለት ነው።

ቁጥሩ ጽሑፉን ለሌሎች ያደርሳልም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የንዴትን ጨምሮ ስሜት መግለጫ ምልክቶችን ከአንድ ላይክ 5 እጥፍ አብልጦ ይመዝን እንደነበር በ2021 ይፋ የሆኑ የኩባንያው ሰነዶች አሳይተዋል። በመሆኑም ሐሰት ነው ብሎ የተቆጣ ሰው እንኳ የንዴት ምልክቱን ሲጫን ያንኑ ሐሰት ያሠራጭ ነበር። የንዴት ምልክቱ ክብደት ዜሮ የሆነው በ2020 ነው።

የሀገራችን ሕግም ቁጥርን ይመለከታል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መሠረት ሐሰተኛ መረጃ ማሠራጨት እስከ 1 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ያስቀጣል። ገጹ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። ላይክ ማድረግን ግን አዋጁ እንደ ማሠራጨት አይቆጥረውም። በሕግ ፊት ነፃ የሆነው ጣት በኩባንያው መሣሪያ ዘንድ አከፋፋይ ነው።

ሌላው ጉዳት ዝምታ ነው። ሐሳቡን በጨዋነት ጽፎ የፌዝ ሳቅ ምልክት የወረደበት ሰው ዳግመኛ መጻፍ ይከብደዋል። ደፋሮቹ ብቻ ሲቀሩ የጥቂቶች ድምፅ የሁሉም መስሎ ይታያል።

አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ስትቃጠል ያየ የይፋት ሰው፣ ያልተጣራ ወሬ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አይጠፋውም። አርሶ አደሩ ከብቱን ወደ ገበያ ለመንዳት፣ ነጋዴውም ጭነቱን ወደ ሸዋ ሮቢት ለመላክ የሚወስነው በሰማው ነገር ነው። ስለዚህ ምልክቱን ከመጫን በፊት የዳጉን ጥያቄዎች መጠየቅ ይበጃል፦ ማን አየው? መቼ? የት? መልስ ያልተገኘለትን ወሬ፣ ሺህ ሰው ቢወደውም፣ አለመጫንና አለማስተላለፍ ይሻላል።