ለመኖሪያ ቤት ሴፕቲክ ታንክ ፈቃድ ስለ ማውጣት

የከተማ ፍሳሽ መስመር ባልደረሰበት ሰፈር ቤት የሚሠራ ሰው የቤቱን ፍሳሽ የሚያስወግድበትን መንገድ ራሱ ማዘጋጀት አለበት። ይሁን እንጂ ብዙ ባለ ንብረት ለሲሚንቶና ለብረት ዋጋ የሚጠነቀቀውን ያህል ለፈቃዱ አይጠነቀቅም። ከዚህም የተነሣ ጕድጓዱ ተቆፍሮ፣ ግንቡ ተገንብቶ፣ አፈሩም ከተመለሰበት በኋላ ተቈጣጣሪ ፕላኑን ሲጠይቀው፣ በገዛ ገንዘቡ አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ይገደዳል።

በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አካባቢን መበከልን ከልክሏል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ሕንፃ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ደንግጓል።

ሴፕቲክ ታንክ ውሃ የማያሳልፍ ዝግ ጕድጓድ ሲሆን፣ በውስጡ ዝቃጩ ወደ ታች ይሰፍራል፤ ቅባቱም ይንሳፈፋል። ከመካከል የሚወጣው ውሃ ግን ገና ንጹሕ አይደለም። የሚጣራው ወደ ማስረጊያው ገብቶ በአፈር ውስጥ ቀስ በቀስ ሲሰርግ ነው። ስለዚህ መሐንዲስ ከግንቡ ባላነሰ ሁኔታ አፈሩን መመርመር ይገባዋል። መረሬ አፈር ውሃ በደንብ አያሰርግም፤ አሸዋማ አፈር ደግሞ ፍሳሹን ሳያጣራ ፈጥኖ ወደ ጕድጓድ ውሃ ሊያደርሰው ይችላል። በተለመደው የምሕንድስና አሠራር ማስረጊያው ከመጠጥ ውሃ ጕድጓድ 30 ሜትር ያህል እንዲርቅ ይደረጋል።

መጠኑም በግምት አይወሰንም። ለምሳሌ ስድስት ሰዎች በሚኖሩበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 100 ሊትር ቢያፈስ፣ የቀኑ ፍሳሽ 600 ሊትር ይሆናል። የእያንዳንዱ ሰው ዝቃጭ በዓመት 40 ሊትር ቢታሰብ፣ በሦስት ዓመት 720 ሊትር ይጠራቀማል። እንግዲህ ታንኩ ፍሳሹን ለአንድ ቀን ይዞ እንዲያቈይ ከ1,320 ሊትር ያላነሰ መያዝ አለበት ማለት ነው። ከበላዩም ለተንሳፋፊው ቅባትና ለአየር የሚሆን ቦታ ይጨመርለታል።

ፈቃድ ፈላጊው በመጀመሪያ የሚፈለጉትን ሰነዶች ዝርዝር ከግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ይቀበል፤ ዝርዝሩ እንደየከተማው ሊለያይ ይችላልና። ቀጥሎም የይዞታ ማረጋገጫውንና የታንኩን ቦታ፣ ስፋትና ርቀት የሚያሳየውን ፕላን ያቅርብ። ፈቃዱ በእጁ ሳይገባ ቁፋሮ አይጀምር፤ ተቈጣጣሪውም ሳያየው አፈር አይመልስ። የፍሳሽ መጣጭ መኪና የሚገባበትንም መንገድ አስቀድሞ ይተው።

ይህ ነገር ቱቦና የፕላስቲክ ታንክ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴዎችም የሚጠቅም ነው። ገዢው በተፈቀደለት ፕላን ላይ የተጻፈውን መጠን አስቀድሞ እንዲያሳይ የሚጠይቅ ባለ ሱቅ፣ የተሸጠ ዕቃ ተመልሶ ከሚያስከትልበት ክርክር ይድናል፤ የደንበኛውንም እምነት ያተርፋል።