ዶሮና ጓሮ፦ አንዱ ሌላውን ሳያራቁት

በኢትዮጵያ የዶሮና የመኖሪያ ግቢ ጉርብትና እጅግ የቆየ ነው። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለው የቅድመ አክሱም መንደር በተካሄደ ቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚመደቡ ሲሆን፣ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት የዶሮ አጥንቶች መካከል ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ ይቆጠራሉ። ከዚያ ወዲህ ባለው ረጅም ዘመን ዶሮ በአብዛኛው የኖረችው ጠዋት ከቤት ወጥታ፣ በማሳ ዳርና በአውድማ ዙሪያ የምትበላውን ጭራ አግኝታ፣ ሲመሽ ወደ ቆጧ በመመለስ ነው። በዚህ ዓይነት አኗኗር አንዲት ዶሮ የምትረግጠው መሬት ሰፊ በመሆኑ የምታደርሰው ጉዳት አይታይም፤ ኩሷም በየስፍራው ተበትኖ ስለሚቀር ሽታው ማንንም አያስቸግርም።

የከተማ ግቢ ግን ይህን ሥርዓት አይፈቅድም። አጥር የከበበው፣ ከፊሉ በሲሚንቶ የተሸፈነና ቀሪው አፈር ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ የሆነበት ግቢ ጎመኑን፣ አበባውን፣ የልብስ ማስጫውንና የልጆች መጫወቻውን በአንድነት የሚያስተናግድ ሲሆን፣ በዚህ ላይ ዶሮ ሲጨመር ያው አፈር ተጨማሪ ባለመብት ያገኛል ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የጓሮ ዶሮ እርባታን የብዙ ከተሜዎች መነጋገሪያ አድርጎታል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ዝርያውና ስለ እንቁላሉ ብዛት ነው፤ ስለ መሬቱ የሚያስበው መሬቱ ከተራቆተ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ማለትም ግቢው ምን ያህል ዶሮ መሸከም እንደሚችል ተመዝኖ የዶሮው ቁጥር ከዚያ ቢወሰን፣ ግቢውም ዶሮውም የተሻለ ዕድል ይኖራቸዋል።

ዶሮ በአፈር ላይ የምታደርገው ነገር ከተፈጥሮዋ የሚመነጭ በመሆኑ በቅጣትም ሆነ በልምምድ አይቀየርም። ትጭራለች፤ ለምለም ቡቃያ ትቀነጥባለች፤ በላባዋ ውስጥ የሚኖሩትን ቅማልና መሰል ተባዮች ለማራገፍ ደረቅ አፈር ቆፍራ በአቧራ ትታጠባለች። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ተረት መዘዙን በራሷ ላይ ያደርገዋል፤ በጠባብ ግቢ ግን ቀድሞ የሚጎዳው ሣሩ ነው። ሣሩ ካለቀ በኋላ ክረምት ሲገባ የተራቆተው አፈር ወደ ጭቃነት ይለወጣል፤ በእርጥብና ሞቃት አፈር ውስጥ ደግሞ ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን፣ የጫጩቶችን አንጀት እያቆሰለ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለውን በሽታ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ለመተላለፍ ብቁ ይሆናል። ስለዚህ የሣሩ መጥፋት የውበት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጤና ጉዳይም ነው።

መፍትሔው መጫሯን መከልከል ሳይሆን ጊዜና ቦታ መመደብ ነው። የአትክልት መደቡ በሁለት ወይም በሦስት ተከፍሎ በሚነቀል የሽቦ አጥር ቢለይ፣ ሰብሉ የተነሣለት ክፍል ለዶሮዎቹ ተከፍቶ ትሉን፣ የአረሙን ዘርና የቀረውን ቅጠል እየለቀሙ አፈሩን ያገላብጡታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተዘግቶ ሲያርፍ እነርሱ ወደሚቀጥለው ይዛወራሉ። በዚህ ዘዴ ጥፋት ይባል የነበረው ጭረት የኩትኳቶ ሥራ ይሆናል። ለማደሪያ ቤቱ በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ የሚለው የተለመደ መለኪያ በቂ ቢሆንም፣ ከቤቱ ውጭ ሣር በሕይወት እንዲቆይ ከተፈለገ ለእያንዳንዷ ዶሮ በርካታ ካሬ ሜትር ማስፈለጉ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ይህን ያህል ቦታ የሌለው ግቢ ዶሮዎቹን በታጠረ መዋያ ይዞ መዋያውን በጉዝጓዝ መሸፈንና ሣሩን ለብቻው መጠበቅ ይሻለዋል። ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ 5 ወይም 6 የተሻሻለ ዝርያ ያላቸው ዶሮዎች በደኅና ጊዜያቸው በቀን 4 ወይም 5 እንቁላል ስለሚሰጡ፣ ከዚህ በላይ የሚያረባ ሰው የሚያስበው ስለ ገበያ እንጂ ስለ ገበታ አይደለም።

የቤቱ አቀማመጥ የግቢውን መልክ ለዓመታት የሚወስን ነገር ነው። የዶሮ ቤት ውኃ በማይተኛበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ነፋሱ ከዶሮ ቤቱ ወደ መኖሪያ ቤቱም ሆነ ወደ ጎረቤት መስኮት በማይነፍስበት በኩል ሊሠራ ይገባዋል፤ ረጅሙ ጎኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ የጠዋቱም የማታውም ፀሐይ በሰፊው ጎን ስለማይገባ ቤቱ አይግልም። በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ ከተሞች በሌሊቱ ብርድ የተነሣ ቤቱን ዙሪያውን በላስቲክና በጆንያ መድፈን ተለምዷል፤ ዶሮዎችን ግን ከብርድ ይልቅ የሚጎዳቸው ከኩሳቸው የሚወጣው አሞንያ የተባለ ጋዝ ነው። ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ዓይኑን የሚቆጠቁጠው ከሆነ ጋዙ ዶሮዎቹን መጉዳት ከጀመረ ቆይቷል። ከጣሪያው ሥር ያለው የግድግዳ ክፍል በወፍራም ሽቦ ተሸፍኖ ክፍት ቢሆን አየር ይገባል፤ ሽቦው ወፍራም እንዲሆን የሚያስፈልገው በሌሊት ስለሚመጣው ሸለምጥማጥ ሲሆን፣ እርሱ በጠባብ ቀዳዳ እንኳ ሾልኮ የሚገባ አውሬ ነው። ውስጡ ለእያንዳንዷ ዶሮ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የቆጥ ስፋትና ለ4 ወይም ለ5 ዶሮዎች አንድ፣ በየጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጨለም ያለ የእንቁላል መጣያ ይበቃዋል። አውራ ዶሮ ለእንቁላል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ በመሆኑ፣ ጎረቤቱን ማልዶ መቀስቀስ የማይፈልግ ቤተሰብ ያለ እርሱ መኖር ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ዶሮንና አትክልትን የሚያስተሳስረው ግን ጉዝጓዙ ነው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን 100 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ እርጥብ ኩስ ስለምትጥል፣ 6 ዶሮዎች በዓመት ከ200 ኪሎ ግራም የማያንስ ፍግ ይሰጣሉ። ይህ ፍግ ተክል ቅጠሉን ለማለምለም የሚፈልገውን ናይትሮጅን በብዛት የያዘ በመሆኑ ኃይለኛ ነው፤ ትኩሱ በቀጥታ በጎመን ሥር ቢደረግ ሥሩን ያቃጥለዋል። ፍጉ የሚበርደው በካርቦን የበለጸገ ደረቅ ነገር ሲቀላቀልበት ነው፤ የዶሮ ኩስ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ10 እጅ የማይበልጥ ካርቦን ሲይዝ፣ የስንዴ ጭድ ከ80 እስከ 100 እጅ ይይዛል፤ ብስባሽ የሚያዘጋጁት ጥቃቅን ሕዋሳት ደግሞ በደንብ የሚሠሩት መጠኑ ከ25 እስከ 30 ሲሆን ነው። በተግባር ይህ ማለት ለአንድ ባልዲ ኩስ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ጭድ፣ የደረቀ ቅጠል ወይም ሰጋቱራ ማለት ሲሆን፣ ቤቱ መጀመሪያውኑ በወፍራም የጭድ ወይም የሰጋቱራ ጉዝጓዝ ከተነጠፈ ዶሮዎቹ ራሳቸው እየጫሩ ያደባልቁታል። ሰጋቱራው ከተቀባ ወይም በኬሚካል ከተነከረ እንጨት የመጣ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም በብዛት ባይገባ ይመረጣል።

ከቤቱ የወጣው ጉዝጓዝ በየጎኑ አንድ ሜትር ያህል ሆኖ ተከምሮ፣ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብ እስኪል ድረስ ውኃ ሲጠጣ፣ በቀናት ውስጥ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ይህ ሙቀት የበሽታ ተሕዋስያንንና የአረም ዘርን ስለሚገድል ክምሩ የውጩ ወደ ውስጥ እየሆነ ደጋግሞ መገላበጥ አለበት፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥም ጥቁር፣ ፍርፍር የሚልና የአፈር ሽታ ያለው ብስባሽ ይሆናል። ያልበሰለ ፍግ መጠቀም ግድ ከሆነ ግን እንደ ሰላጣ፣ ካሮትና ቆስጣ ያሉት አፈር የሚነካቸው አትክልቶች ከመለቀማቸው ቢያንስ 4 ወር አስቀድሞ መሬት ውስጥ መቀበር ይኖርበታል።

ግቢውን በተክል ማስዋብ ለዶሮዎቹም ይጠቅማል፤ ጭልፊት ከላይ ስታንዣብብ የሚሸሸጉበት ቁጥቋጦና በበጋ የሚጠለሉበት ጥላ ያገኛሉ። በውስጠኛው አጥር ሥር የሚተከል ሰስባንያ ጥላ፣ ተለይቶ የታጠረ የአልፋልፋ መደብ ደግሞ አረንጓዴ መኖ ይሰጣል፤ አዲስ የተተከለ ችግኝ ግን ዙሪያው በድንጋይ ካልተከበበ ሥሩ በአንድ ቀን ይወጣል። ከግቢ መራቅ ያለባቸው ተክሎችም አሉ፦ ፍሬው ብርቱ መርዝ የያዘው ጉሎ፣ አስተናግር፣ እንዲሁም ለአጥር የሚወደደው የወፍ ቆሎ። የአቮካዶ ቅጠልና የፍሬው ልጣጭ ፐርሲን የተባለ ለወፎች ጎጂ የሆነ ንጥረ ነገር ስላላቸው፣ ዛፉ መነቀል ባይኖርበትም ሥሩ የዶሮ መዋያ ሊሆን አይገባም። አፈሩም ታሪክ አለው፤ ፕላስቲክ ሲቃጠልበት፣ አሮጌ ባትሪ ሲጣልበት ወይም ያረጀ ቀለም ሲራገፍበት የኖረ መሬት ላይ የምትጭር ዶሮ እርሳስንና ሌሎች መርዞችን ወደ እንቁላሏ ስለምታሳልፍ፣ እንዲህ ያለው ማዕዘን በሲሚንቶ ወይም በንጹሕ አፈር መሸፈን አለበት።

ስለ ዝርያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የአገር ውስጥ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል እየጣለች፣ ራሷ ታቅፋ በ21 ቀን እየፈለፈለችና ከአውሬ እየሸሸች ትኖራለች፤ ቦቫንስ ብራውን የመሰሉት ለእንቁላል የተዳቀሉ ዶሮዎች ደግሞ በጥሩ አያያዝ እስከ 300 ይጥላሉ፤ ያለ ተመጣጠነ መኖ ግን ይህን ማድረግ አይችሉም። በመካከል ያሉት ሳሶና የደቡብ አፍሪካው ኮኮክ ለሥጋም ለእንቁላልም ስለሚሆኑና የግቢ ኑሮን ስለሚችሉ ለጀማሪ የተሻሉ ናቸው። መኖው በቀን ለአንዲት ዶሮ ከ110 እስከ 120 ግራም ሲሆን፣ ለ6 ዶሮዎች በወር 20 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ፉርሽካና የተራረፈ እንጀራ ብቻ የምትበላ ዶሮ ትጠግብ ይሆናል እንጂ ፕሮቲን ስለሚጎድላት አትጥልም፤ አንድ የእንቁላል ቅርፊትም 2 ግራም ያህል ካልሲየም ስለሚፈጅ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም የእንቁላል ቅርፊት ሊጨመርላት ያስፈልጋል። የሻገተ እንጀራና የሻገተ በቆሎ ለዶሮ መስጠት በብዙ ቤት እንደ ቁጠባ ቢታይም፣ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበታቸውን ይጎዳል።

ከበሽታዎች ሁሉ ግቢን በጥቂት ቀናት ባዶ የሚያደርገው ፈንግል ነው። ይህ በቫይረስ የሚመጣ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ብቻ ሲሆን፣ ክትባቱም አገር ውስጥ በቢሾፍቱ ይመረታል። ለጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን ጠብታ ተሰጥቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም በየጥቂት ወሩ ይታደሳል። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ክትባቱን ስለሚገድለው ክሎሪን የሌለው ውኃ ማዘጋጀት ግድ ነው፤ የተከተቡ ዶሮዎች ሲሞቱ ክትባቱ የሚታማበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ከገበያ የመጣች አዲስ ዶሮ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ተለይታ መቆየት አለባት፤ በበዓል ዋዜማ ለእርድ ተገዝታ ከጣይ ዶሮዎቹ ጋር የምታድር ዶሮ ለቤቱ የምታመጣው ዕዳ ከራሷ ዋጋ ይበልጣል።

በመጨረሻ የሚቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ዶሮ አትጾምም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚጠራቀመው እንቁላል በአንዳንድ ጿሚ ቤት ትርፍ፣ በገበያም ርካሽ ይሆናል፤ በፋሲካ ዋዜማ ግን የዶሮ ዋጋ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጥለው ያረጁት ዶሮዎች ለፋሲካ ቢወጡ፣ ቤቱ ታጥቦና በኖራ ተለቅልቆ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ባዶውን ቢያርፍ፣ የመጨረሻው ጉዝጓዝም ተከምሮ በክረምቱ ውስጥ ሲበሰብስ በበጋ የተዘጋጀው ብስባሽ በሰኔ መደቡ ላይ ቢበተን፣ ሥራው ሁሉ እርስ በርሱ ይገጣጠማል። በግንቦት መጨረሻ የተገዙ የ45 ቀን ጫጩቶች የጾመ ፍልሰታው እንቁላል የማይበላበት ጊዜ ካለፈ በኋላ በእንቁጣጣሽ አካባቢ መጣል ይጀምራሉ። የዚህ አቆጣጠር አንድ ድካም ጫጩቶቹ በክረምት ማደጋቸው ነው፤ በዚህ ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ እንዳይነሣ ጉዝጓዙ በየቀኑ መገላበጥ፣ የረጠበው መነሣትና ጫጩቶቹ ዝናቡ እስኪያባራ ከጭቃው ርቀው በጣሪያ ሥር መቆየት ይኖርባቸዋል።