ወደ ተራራው ከመውጣት በፊት

ከዴንቨር አውሮፕላን ጣቢያ እንግዶችን ተቀብሎ በኢንተርስቴት 70 አውራ ጎዳና ወደ ብሬከንሪጅና ወደ ቬይል የበረዶ መንሸራተቻዎች ማድረስ ሥራዬ ነውና፣ በብርዱ ወራት ተሳፋሪዎቼ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ሌሊቱን ስንት ኢንች ወረደ?» ብለው ነው። ጥያቄው የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥሩ በየትኛው ከፍታ እንደ ተለካ፣ በየትኛው ሰዓት እንደ ወረደ፣ ከየትኛው ነፋስ ጋራ እንደ መጣ ካልተመረመረ በቀር፣ ለመንገደኛ የሚሰጠው ዕውቀት እጅግ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተነሥቼ፣ አማትቤ፣ ዓይኔን አስቀድሜ የማሳርፈው በመንሸራተቻዎቹ ማስታወቂያ ላይ ሳይሆን በብሔራዊው የአየር ጠባይ አገልግሎት ትንበያ ላይ ነው። በዚህም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ብሬከንሪጅ ያለችበትን የሰሚት አውራጃ የሚተነብየው የቦልደር ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ቬይል ያለችበትን የኢግል አውራጃ የሚተነብየው ግን በምዕራብ የሚገኘው የግራንድ ጃንክሽን ጽሕፈት ቤት ስለ ሆነ፣ ወደ ቬይል የሚሄድ ሰው የሁለቱንም ቃል ሳያነብ ባይነሣ እወዳለሁ።

ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ ሲነፍስ፣ እርጥበት ያዘለው ደመና ተራራውን በወጣ መጠን እየቀዘቀዘ፣ ሸክሙን በቬይልና በስቲምቦት መንሸራተቻዎች ላይ ያራግፋል፤ ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ በረከቱ የሚበዛው በሳን ህዋን ተራሮች ነው፤ ከምሥራቅ፣ ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ተራራው ግርጌ ሲገፋ ግን፣ ዴንቨርና ቦልደር በበረዶ ተከድነው ሳሉ ከተራራው ጀርባ ያለችው ቬይል ጥቂት ብቻ አግኝታ ልትውል ትችላለች። በዴንቨር መስኮት ያየውን ሰማይ ይዞ በቬይል ሰማይ ላይ የሚፈርድ ሰው ስንት ጊዜ በከንቱ ቀረ፣ ስንት ጊዜስ በከንቱ ደከመ!

የኮሎራዶ በረዶ በደረቅነቱ የተመሰገነ ነው። በተለመደው ልኬት 10 ኢንች በረዶ ሲቀልጥ 1 ኢንች ውሃ ይወጣዋል ቢባልም፣ በዚህ ተራራ ያችው 1 ኢንች ውሃ 15 ኢንችና ከዚያም በላይ በረዶ የምትሆንበት ዕለት አለ። ለተንሸራታቹ ይህ ፍሥሓ ነው፤ ነገር ግን ቀላሉ በረዶ ነፋስ ሲበረታ እንደ ዱቄት ተነሥቶ የሾፌሩን ዓይን ይጋርዳል፤ ያው ነፋስም ወደ ጫፉ የሚያወጡትን ሊፍቶች ያስቆማል።

ከሁሉ ይልቅ ልቡናዬን የሚያስጨንቀው መንገዱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. የተከፈተው የአይዘንሃወር ዋሻ፣ በ3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ በምሥራቁ አፍ በደረቅ አስፋልት የገባ መኪና በምዕራቡ አፍ ነጭ ጭጋግ ውስጥ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሕጉም ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ በሞሪሰንና በዶትሴሮ መካከል የሚያልፍ ሁሉ እንደ መኪናው ዓይነት ጥርሱ ቢያንስ 3/16 ኢንች የሚጠልቅ ለበረዶ የሚስማማ ጎማ ወይም ሰንሰለት እንዲይዝ ያዝዛል። በኦሮራ የሚኖር አንድ ወጣት የሀገሬ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ ልጆቹን በረዶ ላሳያቸው ነበር፤ መንገዱ እንዴት ነው?» ባለኝ ጊዜ፣ «ልጄ፣ መንገዱን እነግርሃለሁ፤ አንተ ግን አስቀድመህ ወርደህ ጎማህን እይልኝ» አልሁት። ጎማው ልሞ ስለ ነበር ጉዞው ለሳምንት ተላለፈ፤ እኔም እጅግ ደስ አለኝ።

የመመለሻውን ሰዓት የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። እሑድ ከቀትር በኋላ ወደ ዴንቨር የሚወርደው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ እየተንፏቀቀ ሳለ፣ ቀን በፀሐይ የቀለጠው ውሃ ጀምበር ስትጠልቅ ረግቶ፣ ከአስፋልቱ ተለይቶ የማይታይ መስተዋት ይሆናል። ስለዚህ ቀኑ ከዜሮ በላይ ወጥቶ ማታውን ከዜሮ በታች እንደሚወርድ ከተነገረ፣ ተሳፋሪዎቼ ከቀኑ በስምንት ሰዓት እንዲሰበሰቡልኝ ገና ጧት ሲሳፈሩ እነግራቸዋለሁ፤ ቅር የሚላቸው ቢኖሩም ሰዓቱን አልለውጥም።