የላይኛው ፈሰስ፣ የታችኛው ቦረቦር

በሉማሜ አካባቢ በክረምት ማሳ ያየ ሰው ፈሰስን ያውቃል። ገበሬው ዘርቶ ሲጨርስ በማረሻው ማሳውን በሰያፍ እየቀደደ የሚያወጣት ትንሽ ቦይ ናት። መረሬው መሬት ውሃ አቁሮ ሰብሉን እንዳያበሰብስ፣ ተዳፋቱም በጎርፍ እንዳይታጠብ የተገኘች የአባቶች ብልሃት ስለሆነች እኛ አንነቅፋትም። ችግሩ የሚጀምረው ውሃው ከድንበር ሲያልፍ ነው። የላይኛው ሰው ውሃ በታችኛው ማሳ ላይ ይወርዳል፤ የእርሱም ከበታቹ ባለው ላይ። የሦስትና የአራት ሰው ፈሰስ ሲገናኝ ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦሩም በየክረምቱ ወደ ላይ እየተናደ ሄዶ በመጨረሻ ውሃውን የለቀቀውን ሰው ማሳ ይበላል።

አየር 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ይበልጥ ይከብዳል፤ ለትናንቱ ዝናብ የተቀደደች ፈሰስ የነገውን አትችልም። በተፈጥሮ ላይ የተመሠረተ ዘዴ ሲባል ሣሩ፣ ቁጥቋጦውና አፈሩ ራሳቸው ይህን ውሃ እንዲያዘገዩት ማድረግ ማለት ነው።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተበት። 113 ሄክታር ያህል በሚሆነው ተፋሰስ ላይም ፋኛ ጁ እርከን ተሠራ። ስሙ ከስዋሂሊ የመጣ ነው፤ ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ላይ ይጣልና ከክትሩ በላይ ደለል እየሞላ ማሳው በዓመታት ውስጥ ደረጃ ይሆናል። የጎጃም ዝናብ ብዙ ስለሆነ ግን እርከኑ ጥቂት ዘንበል ብሎ ውሃውን ሣር ወደለበሰ መውረጃ ማድረስ አለበት። አለዚያ ውሃ ያቁራል፤ ገበሬውም ያፈርሰዋል፤ ቢያፈርሰው አንፈርድበትም።

ስለሆነም የመንደር ዕቅድ ሲወጣ ከቦረቦሩ አይጀመርም። ቦረቦሩ ለዓይን ስለሚታይ ጎብኚም ለጋሽም ወደዚያ ይሮጣል፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ጎርፍ ሳይቀለበስ ከታች የተሠራ የድንጋይ ክትር አንድ ክረምት አያልፍም። ከላይ ወደ ታች ከተሠራ በኋላ የቦረቦሩ ዳርና ወለል በደሾ ሣርና በሰስባንያ ይያዛል። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያስገኛል፣ አይካድም፤ በምንጭ ዳር ግን አይተከል።

ከሁሉ የሚከብደው መሬቱን ከልቅ ግጦሽ መከለሉ ነው። ሣሩ የሚያገግመው ከብት ሲርቀው ነው። ነገር ግን መሬት የሌላት፣ አንዲት ላም ብቻ ያላት መበለት ከብቷን የምታሰማራው እዚያው ነው። ለመንደሩ ጥቅም ሲባል ግጦሹ ቢዘጋ፣ ዋጋውን የምትከፍለው እርስዋ ናት። በስብሰባም ላይ ብዙ ጊዜ አትናገርም። የፕሮጀክት ባልደረቦቻችን ከአጥሩ በፊት ሊጠይቁ የሚገባው ይህንን ነው፦ ሣሩ ታጭዶ ለማን ይደርሳል? ስንት ሸክም? በየትኛው ወር? መልሱ ከነስሟ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ፤ ሥራውም የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ይሁን።